መንደር የሌላት ምራት

ሶልቲ መንደር፣ ደቡብ ቾላ
ጃንዋሪ 21 ቀን 2018

ለልጄ ለማንሆ፣

በዚያ ሁሉ ውኃ መሀል እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህ ላይ የነበረው ቁስል ደረቀልህ ወይ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን አንተ ሳትወለድ የጀመረ ነው፣ በሱ አልወቅስህም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። እስከ ዛሬ የደረሱህን የጻፈችልህ ጎረቤታችን የሃዶንጓ ናት። የነገርኳትን ትታ የራሷን ስትጨምር እንደኖረች ያወቅሁት በመንደሩ አዳራሽ ማንበብ ከተማርኩ በኋላ፣ አንዱን ሳይላክ ሳነበው ነው። «እናትህ ናፍቆትህ እንቅልፍ ነሥቷታል» የሚል ካገኘህ የሷ ነው፣ እኔ አላልኩም። የዚህን ፖስታ ጠርዝ ዙሪያውን በሙጫ አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰህ የከፈተው በወደቡ ቢሮ ያለው ጸሐፊ ነው። ድምፁን በስልክ ሰምቼዋለሁ፣ የሰው ጉዳይ የሚወድ ድምፅ ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አንተ ከመርከብ ስትደውል ከኋላህ ሰው ሲያስል ይሰማኛል፣ ስለዚህ «ሁሉም ደህና ነው» ብዬ እዘጋዋለሁ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የፊልም ሰዎቹ የመጡት ለብርዱ ወራት ጥቅል ጎመን ጨው ውስጥ በምንዘፈዝፍበት ሳምንት ነው። አንድ አውቶቡስና ሁለት የጭነት መኪና ይዘው መጥተው፣ ዓምና የሞተችውን የናምዎንዋን ሴትዮ ቤት ከልጆቿ ተከራዩ። ዳይሬክተሯ ዩንጆ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፣ ሁልጊዜ ፈገግ ትላለች። ከሴኡል እስከዚህ ይህ ሁሉ መንደር እያለ ለምን የኛን መረጣችሁ ብዬ ጠየቅኋት። ብርሃኑ ያምራል አለችኝ። ሴኡል ፀሐይ የማይወጣ ይመስል። በዚያን ቀን ነው ይቺ ልጅ የምትደብቀው ነገር አላት ብዬ የያዝኩት።

ፊልሙ የባልና የሚስት ነው። አስቂኝ ነው አሉን፣ ግን ሞት ያለበት አስቂኝ ነው። አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት የቤታቸውን ወለል በቀይ ፕላስተር ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ሌላውን ቀብሮ ቤቱን ብቻውን ሊወርስ ይጠባበቃሉ። አንዱ ለሞቱ ቀን ያዘጋጀውን የቃጫ ልብስ ሌላው ሰርቆ ይደብቅበታል፣ የተሰረቀበት ደግሞ ያለ ልብስ አልሞትም እያለ ይኖራል። አዳራሹ ውስጥ ዩንጆ ታሪኩን ስትነግረን ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የሃዶንጓ እኔን እያየች ነበር የሳቀችው።

ለምን እንዳየችኝ አንተ ታውቃለህ። እኔና አባትህ ወለል ላይ መስመር አላሰመርንም፣ ግን ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ነበረን። አንተ ገና ጥርስህ ሳይለወጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ቃል ስታመላልስ ነው ያደግኸው። ለአባትህ እግሩን ይታጠብ በለው ስልህ፣ ለእናትህ እግሬ የራሴ ነው በላት እያለ ይመልስህ ነበር። ታዲያ ይህን ማን ነገራቸው? መጀመሪያ የሃዶንጓን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ አንተን ጠረጠርኩ፣ መርከበኛ ወደብ ሲደርስ ሲጠጣ ብዙ ያወራል ይባላል። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩህም።

በዚያው ፊልም ውስጥ ከቬትናም የመጣች ምራት አለች። ለሷ አንዲት የሴኡል ልጅ አምጥተው ፊቷን ቡናማ ቀባቧትና እየተሰባበረ በሚወጣ ቃል አናገሯት። ሚስትህ ሉየን ያን ጊዜ ለሠራተኞቹ ምግብ ለማብሰል ተቀጥራ ጭልፋዋን ይዛ ትመለከት ነበር። የኛዋ አንደበቷ ከኔ የተቀዳ የቾላ ሰው አንደበት እንደሆነ ታውቃለህ፣ ገበያ ላይ ዓሣ ሻጮቹን በክርክር የምታሸንፈው እሷ ናት። ልጅህ ሶዳም ጮክ ብላ «እማዬ፣ ያቺ ልጅ ለምንድን ነው ፊቷን ያልታጠበችው?» አለች። ዩንጆም ሰማች። የሴኡሏ ልጅ በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተመለሰች፣ ከሰዓት በኋላ ዩንጆ ደጃችን መጥታ ሉየንን በቦታዋ እንድትሆን ለመነቻት።

ሉየን ወዲያው እሺ አለች። ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። እሷ ወዲያው እሺ የምትል ሴት አይደለችም። ለአንተ መቼ ነው ወዲያው እሺ ብላህ የምታውቀው?

እዚህ ላይ ደግሞ አንተም ያለህበትን ነገር ልጻፈው። ወደ መርከብ ከመሄድህ በፊት በተጣላችሁበት ቀን የሩዝ ማብሰያውን ግድግዳ ላይ ወርውረህ ስታበቃ ፓስፖርቷን እጄ ላይ አኖርክ። አባቷ ታሞ ልየው ስላለች፣ ከሄደች አትመለስም አልክ። «እማዬ፣ ይሄ ከእጅሽ እንዳይወጣ፣ ልጄን ይዛ ትጠፋለች» አልከኝ። እኔም ማንም እጁን የማያስገባበት ቦታ አስቀመጥኩት። ከሄድክ በኋላ ሉየን የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ማንሆ ነው የሚያውቀው አልኳት። ዓይኔን አየችና ጭልፋውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቃል መነጋገር ተውን።

ቃል የምታመላልሰው ሶዳም ሆነች። ለእናትሽ ጎመኑ ጨው በዛበት በያት እላታለሁ። ሄዳ ትመጣና «እማዬ እሺ ብላለች፣ ፊቷ ግን እሺ አላለም» ትለኛለች። ካንተ ትሻላለች። አንተ የሰማኸውን ብቻ ነበር የምታመጣው።

እንግዲህ ምራቴ በፊልም ውስጥ ምን ልትሆን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የሰጧትን ጽሑፍ ከሥሩ በሚሞቀው ወለላችን ላይ ትታው ስትወጣ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥኩ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሣ አነበብኩት። እዚህ መንደር ያገባች ሴት በተወለደችበት ሰፈር ነው የምትጠራው። እኔ ገና በልጅነቴ ከጉርዬ ስለመጣሁ እስከ ዛሬ የጉርዬዋ ነኝ፣ ጉምሬ የሚለውን ስሜን የሚጠራው ክሊኒኩ ብቻ ነው። ጽሑፉም ወጋችንን አውቆታል። አሮጊቷ የቦሶንጓ ትባላለች፣ ጎረቤቷ የዳምያንጓ ትባላለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጥታ ትንሽ ጨው ተበድራ የምትሄደዋ እንኳ ሰፈር አላት። የኛዋ ግን ቬትናሟ ናት። ቬትናሟ ታለቅሳለች። ቬትናሟ የአሮጊቷን የወርቅ ቀለበት ሰርቃ በጓሮ በር ትጠፋለች። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አትናገርም።

አየህ አይደል ማንሆ? እኔ የጠረጠርኩትን ሁሉ ሰው ጽፎ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው ብዬ። ሁለተኛ ሳነበው ግን የሰው ቆሻሻ ጓሮዬ ውስጥ ያገኘሁ ያህል ቀፈፈኝ። የወርቅ ቀለበት የለኝም። ቢኖረኝም ሉየን አታነሣውም። ሶዳምን ግን ልትወስዳት ትችላለች፣ ያ ሌላ ነው።

ከዚያ ሻንጣውን አገኘሁት። ከብርድ ልብስ ሣጥኑ ጀርባ የሶዳም ልብሶች ታጥፈው ተሞልተውበታል፣ ሁሉም የበጋ ልብስ። ጎመን በሚጠመቅበት ብርድ እጅጌ የሌለው ቀሚስ! ሶዳምን ጠርቼ እናትሽ ይህን ለምን አዘጋጀች ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ሄዳ ተመለሰችና፣ ሻንጣው ለፊልሙ ነው፣ ባዶ ሻንጣ ስትሸከመው ባዶ መሆኑ ይታያል ብላለች አለችኝ። ለምን የበጋ ልብስ ሆነ አልኩ። ደግሞ ሄዳ መጣች። አሁን የማንለብሰው እሱን ነው ብላለች አለች። መልሱ ልክ ነው። ልክ የሆነ መልስ ግን ይበልጥ ያስጠረጥረኛል። በነጋታው ፓስፖርቱ ካለበት አለ ወይ ብዬ ሄጄ አየሁ። አለ። ከሰዓት በኋላ ደግሜ አየሁ።

ያ ትዕይንት በሚቀረጽበት ቀን ሠራተኞቹ ምሳ ወደሚበሉበት ግቢ ሄድኩ። ወደ ዩንጆ ቀጥ ብዬ፣ ይቺ ምራት ሰፈር የላትም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቱ ሾርባዋን አስቀምጣ በትሕትና ተነሣችልኝ።

«እማማ፣ በዛሬ ጊዜ ፊልም ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው እንዲታይ ነው የምንፈልገው። ያስገባናትም ለዚሁ ነው» አለችኝ።

«መታየት ከሆነ የዚች የሃዶንጓም ላም መንገድ ስትሻገር ትታያለች» አልኳት።

መብራት የሚይዙት ልጆች ሳቁ። ዩንጆ ግን አልሳቀችም፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወጣች። «እውነትዎን ነው። ታዲያ የየት ልበላት? ይንገሩኝና አሁኑኑ እጽፈዋለሁ።»

ስሙን አላውቀውም። ማንሆ፣ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ከአንድ ማዕድ የበላች ሴት ናት። አንተ እሷ አገር ሄደህ ትልቁ ከተማ ሆቴል ውስጥ አይተህ መርጠሃት፣ በሳምንቱ ይዘሃት መጣህ። ሰፈሯ ማን እንደሚባል ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም፣ እኔም ጠይቄህ አላውቅም። የሃዶንጓ ልታግዘኝ ብላ «ቬትናም ነዋ» አለች።

«ቬትናም ሰፈር ነው እንዴ? አንቺን ኮሪያይቱ ብለን እንጥራሽ?» አልኳት።

ሉየን ሾርባ እየቀዳች ነበር። ጭልፋዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳርፋ የሰፈሯን ስም ተናገረች። አጭር ስም ነው፣ ሁለት ጠጠር ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ይመስላል። ወንዝ ዳር ነው አለች፣ አባቷ እንደኛ ሽሪምፕ በጨው ያስቀምጣል፣ ግንቦት ላይ መንደሩ በሙሉ በሱ ይሸታል። ዩንጆ ጻፈች። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸው ላይ ሞከሩት። የሃዶንጓ አበላሸችው። ሉየንም የአዳራሹ አስተማሪያችን እንደምታደርገን ጣቷን አንሥታ «አይደለም፣ እንደገና» አለቻት። እሷም እንደገና አለች።

ከምሳ በኋላ ሲቀርጹ ከሶዳም ጋር ከካሜራው ጀርባ ቆመን አየን። ሽማግሌውና አሮጊቷ በቀዩ ፕላስተር ላይ ቆመው የቃጫውን ልብስ ወዲህና ወዲያ ይጓተታሉ። ሉየን ሻንጣዋን ይዛ በኋላቸው ሹልክ ብላ መውጣት ነበረባት። ዩንጆ ግን ቀለበቱን ሰርዛ፣ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የምትያቸው ነገር ካለ ተናገሪ ብላታለች። ሉየን በሩ ላይ ቆመች። ሻንጣዋን ጣለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣

«እናንተ ማን ቀድሞ አፈር እንደሚለብስ ስትሽቀዳደሙ ሩዙ አረረ። የሚበላው ማነው? እኔ ነኝ። መሞት ከፈለጋችሁ በሩ ይኸው ክፍት ነው፣ ስትወጡ ግን መብራቱን አጥፉ፣ የመንግሥት ልጆች አይደለንም» አለች።

ሶዳም በታላቅ ድምፅ «ይቺማ አያቴ ናት!» ብላ ጮኸች። ቀረጻው ተበላሸ። ሠራተኞቹ፣ አሮጊቷ ሆና የምትሠራው ትልቋ ተዋናይት ሳትቀር፣ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እጄ ወገቤ ላይ ነበር። አወረድኩት።

እንደገና ሲቀረጽ አላየሁም፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቺ ልጅ ስናገር አትሰማኝም ብዬ ስከራከር ኖርኩ። እሷ ለካ የአገጬን አነሣስ ሳይቀር አስቀምጣኛለች። አንተ ከኔ ማህፀን ወጥተህ እኔን አስመስለህ መናገር ትችላለህ? አባትህስ ይችል ነበር? የፊልሙ ሰዎች እሷን ሊያሳዩን ነበር የመጡት፣ የታየሁት እኔ ነኝ። ቤት ስደርስ ምድጃው ላይ የሷን ድስት አየሁ፣ ከጎኑ የኔን አየሁ። ሁለት ድስት። መቼ እንደጀመርነው አላስታውስም።

የሚቀጥለውን ስታነብ ብቻህን ሁን።

ባለፈው ዓመት በጨረቃ ቆጠራ በገባው ተጨማሪ ወር፣ የመቀበሪያ ልብስ ማሰፋት መልካም በሚባልበት፣ ያሰፋሁት የቃጫ ልብሴ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳለ ታውቃለህ። የፊልሙ ዕቃ ያዥ ልታየው ለምናኝ ከልክያታለሁ። ሰዎቹ ጓዛቸውን ጭነው በሄዱ ማግስት ጥቅሉን አወረድኩትና ሉየንን ጠራሁ። በሶዳም በኩል አይደለም፣ ራሴ ነኝ የጠራኋት። በአዲሱ ስሟ ነው የጠራኋት፣ በሰፈሯ። ከኩሽና ስትመጣ እጇ እርጥብ ነበር። አስተጣጠፉ ተበላሽቷል፣ ንብርብሩን ሁሉ ፈትተሽ እንደገና እጠፊልኝ አልኳት። ያው አንተ የሰጠኸኝን ዕቃ ያስቀመጥኩበትን ቦታ እስካሁን ተረድተኸው ይሆናል። እኔ ዶሮዎቹን ላበላ ወጣሁ። ዶሮዎቹ በልተው ነበር፣ ደግሜ አበላኋቸው። ስመለስ ልብሱ ታጥፎ ነበር፣ እኔ ካጠፍኩት ይልቅ ሥርዓት ባለው መንገድ። ሉየን አጠገቡ ተንበርክካ ጨርቁን በመዳፏ ታስተካክል ነበር። «እማማ፣ እጅጌው ጋ ትንሽ ተተርትሯል፣ እሰፋዋለሁ» አለችኝ። ስፊው አልኳት። የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው።

በስልክ እንዳትጮህብኝ ነው የጻፍኩልህ። ስትደውል ጥቅሉ ውስጥ ያለው ልብስ ብቻ ነው እልሃለሁ፣ እሱም እውነት ነው።

የሶዳም ትምህርት ቤት ለብርዱ ወራት በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት እሷንና እናቷን ከተማው አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። የሉየን አባት አሁን ከተኛበት ተነሥቶ መቀመጥ ጀምሯል ብላለች። ሻንጣው ያው የፊልሙ ሻንጣ ነው፣ ዩንጆ ሰጥታት ሄዳለች። በዚያ ሻንጣ ነው የሄዱት፣ አየህ ነገሩን። ለሶዳም ቀዩን ካፖርት አልብሻት ነበር። አውቶቡሱ ሲመጣ ሉየን አወለቀችላትና እኔ ክንድ ላይ ጣለችው።

«እማማ፣ እዚያ ሙቀት ነው። የጨረቃው ዘመን መለወጫ ዋዜማ ስንመለስ ይዘውላት ይምጡ፣ ስንወርድ ይበርዳታል» አለችኝ።

ሶዳም በመስኮት እጇን እያወዛወዘች ሄደች። አውቶቡሱ ከዞረ በኋላ አብራን የመጣችው የሃዶንጓ ካፖርቱን ነካ አድርጋ «የማይመለስ ሰው ነው ሸክሙን የሚተው» አለች። አፍሽን ዝጊ አልኳት። መንገዱን ሙሉ ግን ያንኑ ሳስብ መጣሁ። አሁን ካፖርቱ በሩ አጠገብ መንጠቆው ላይ ነው። ጠዋት ሳየው፣ የሚመለስ ሰው ዕቃው እንዲጠብቀው ይተዋል እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ሳየው የበጋ ልብሶቹ ትዝ ይሉኛል። ኪሱን ፈተሽኩ፣ የከረሜላ ወረቀትና የእርሳስ መቅረጫ አለበት። የእርሳስ መቅረጫውን ትፈልገዋለች፣ የምትወደው እሱን ነው። ይህን ለራሴ ነው የምለው።

ለማጣፈጫ ጣሪያው ላይ የሰቀልናቸው የአኩሪ አተር ጥፍጥፎች ደርቀዋል። ከዘመን መለወጫው በኋላ ጨው ውኃ ውስጥ የሚገቡ ናቸው፣ ማሰሮዎቹን ብቻዬን ማንሣት አልችልም። ለሉየን ነግሬያታለሁ፣ አውቃለሁ ብላለች። አንተም ውልህ አልቆ ስትመጣ፣ ግቢው በር ላይ ቁምና ሰፈርሽ ማን ይባላል ብለህ ጠይቃት። ስሙን እዚህ ልጽፍልህ እችላለሁ፣ አልጽፍልህም። መንደሩ ሁሉ አሁን በሱ ነው የሚጠራት፣ አንተ ግን ከራሷ ስማው። ልትጣላ ከሆነ የምትመጣው ባሕር ላይ ያለው ቦታ ይበቃሃል። አንድ ድስት ነው ያለን፣ ሁለተኛውን ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበታል።

ሹራብህን ከውስጥ ልበስ፣ ከላይ አይደለም። ዓሣውን ስትጎትት ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥም። ባሕሩም ሰዎቹም ዘንበል ይበሉልህ፣ አንተም ለሰው ዘንበል በል።

ዋዜማው ላይ አትደውል። ቤት ማንም አያነሣልህም፣ ካፖርቱን ይዤ ጣቢያ ነኝ።

እናትህ
የጉርዬዋ ጉምሬ